በገና ሰሞን የሚወራ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ

በዚህ የገና ሰሞን ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ስትጫወቱ የዶን ማክሉርን ቤተሰብ አንሡላቸው። እኚህ አሜሪካዊ የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ከባለቤታቸው ከሊዳ ጋር መጀመሪያ በሱዳን፣ አኮቦ ላይ፣ አኙዋክን አገለገሉ። በ1940ዎቹ ድንበሩን ተሻግረው ከጋምቤላ ከተማ ወረድ ብሎ በባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ሰፈሩ፤ ወንጌልን ከሕክምናና ከትምህርት ጋር ይዘው። ዛሬ በጋምቤላ ብዙዎቻችን የዚያ ዘር ፍሬ ነን። ልጃቸውም ዶን ይባላል፤ አድጎ እንደ አባቱ በኢትዮጵያ ሚስዮናዊ ሆነ።

ዕድሜያቸው ወደ 70 ሲጠጋ ማረፍ ሲገባቸው በኦጋዴን ጎዴ ያገለግሉ ነበር። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ታጣቂዎች እዚያው ገደሏቸው። ልጃቸው አብሯቸው ነበር፤ እርሱን ጌታ አተረፈው። ስለ አባትየው ብዙ ተወርቷል፤ በበረሃው ልጆች ያሳደጉትን እናት ሊዳን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እባካችሁ፣ እርሳቸውንም ንገሯቸው።