ከመጻፉ በፊት ይጠይቅ የነበረው የማስታወቂያ ሰው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእጅ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ የማስታወቂያ ጽሑፍ ማግኘት ቀላል ኾኗል። ማር የሚሸጥ አርሶ አደር፣ የቤት ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ወይም ሱቅ ያለው ነጋዴ ለማሽኑ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም ረዥም ጽሑፍ ይደርሰዋል። ይኹን እንጂ የሚደርሰው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የማንኛውም ሻጭ ሊኾን የሚችል ነው። ምርጥ፣ ንጹሕ፣ ተወዳዳሪ የሌለው የሚሉ ቃላት ይደረደሩበታል፤ ገዢው ግን አንብቦ ሲጨርስ ስለ ዕቃው የተረዳው ነገር የለም። ባዶ ትእዛዝ የተቀበለ ማሽን ባዶ ጽሑፍ ይመልሳልና።

ይህ ችግር ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው። መፍትሔውን ቀድመው ካገኙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የማስታወቂያ ጸሐፊ ክላውድ ሆፕኪንስ ነው። ሆፕኪንስ ከሞተ ከዘጠና ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል፤ መጻሕፍቱን ግን የሙያው ሰዎች ዛሬም ያነብቧቸዋል። የሕይወት ታሪኩ ለማሽን ትእዛዝ ለሚጽፍ ሻጭ ትምህርት አለው፤ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለው።

ሆፕኪንስ በ1866 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ሂልስዴል በተባለች ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱ ዘመናት የተጠቀሱት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ነው። አባቱ የጋዜጣ ሰው ነበር፤ እናቱ ደግሞ ከስኮትላንድ ወገን የኾነች፣ ቁጠባና ሥራ የምትወድ ጥብቅ ሃይማኖተኛ ሴት ነበረች። ከአስር ዓመቱ ጀምሮ ያለ አባት ያደገው ልጅ ትምህርት ቤት እየጠረገ፣ ጋዜጣ እያደለና በእርሻ ላይ እየሠራ ራሱን ረዳ።

እናቱ የብር ዕቃ ማወልወያ ትሠራ ነበር። ልጁ ማወልወያውን ቅርጽ እያስያዘ፣ በሚያምር ወረቀት እየጠቀለለ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሸጥ ጀመር። በር ላይ ቆሞ በቃል ብቻ ሲያስረዳ ከአስር ሴቶች አንዷ ያህል ትገዛዋለች። ጓዳ ድረስ ገብቶ ዕቃውን አወልውሎ ሲያሳይ ግን የማይገዛ ከሞላ ጎደል አልነበረም። ሆፕኪንስ ከዚህ የተማረውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም፤ ገዢን የሚያሳምነው ውዳሴ ሳይኾን የሚታይ ማስረጃ ነው።

በወጣትነቱ ሰባኪ ለመኾን ያስብ ነበር። ከእናቱ ጋር በእምነት ነገር ሳይስማማ ሲቀር ያን መንገድ ትቶ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ኾነ። በግራንድ ራፒድስ ከተማ የምንጣፍ መጥረጊያ መሣሪያ በሚያመርተው የቢስል ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ኩባንያው በሙያው ስመ ጥር የነበረውን ጆን ፓወርስን የማስታወቂያ መግለጫ አጽፎት ነበር። ሆፕኪንስ መግለጫውን ሲያነብብ ጸሐፊው ስለ መጥረጊያው እንዳላጠና፣ ቤቷን የምትጠርገው ሴት ምን እንደምትፈልግም እንዳልተረዳ አስተዋለ። እርሱም ሌላ ጽፎ ለአለቆቹ አቀረበ፤ ተቀባይነትም አገኘ። ታዋቂው ብዕረኛ ያጣው እውቀት በመዝገብ ያዡ እጅ ነበር።

ቀጥሎም መጥረጊያውን ለገና በዓል ስጦታ እንዲኾን አሰበና ለነጋዴዎች ደብዳቤ ጻፈ። በራሱ የሕይወት ታሪክ እንዳሰፈረው አምስት ሺህ ያህል ደብዳቤዎች ልኮ አንድ ሺህ ትእዛዞችን ተቀበለ። ኩባንያው እስከዚያ ድረስ ስለ መጥረጊያው የብረት አሠራር ይናገር ነበር፤ ሆፕኪንስ ግን ከልዩ ልዩ እንጨቶች ተሠርተው ቤት የሚያስጌጡ መጥረጊያዎችን አቀረበ። የሚገዙት ሴቶች የሚያስቡት ስለ ቤታቸው ውበት እንጂ ስለ ብረቱ አለመኾኑን ተረድቶ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ወደ ቺካጎ ሄዶ ለትልቅ የሥጋና የምግብ ዘይት ኩባንያ ሠራ። ስሙን ከፍ ያደረገው ግን የሽሊትዝ ቢራ ማስታወቂያ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎች ሁሉ ቢራቸው ንጹሕ መኾኑን በትልልቅ ፊደላት ያስነግሩ ነበር። አንዱ በጋዜጣ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ሲገዛ ሌላው ደግሞ ከዚያ የሰፋ ይገዛል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ሁሉም የሚለው ቃል ስለኾነ የማንንም ጆሮ አልያዘም። ሽሊትዝ በሽያጭ አምስተኛ ደረጃ ላይ ነበር።

ሆፕኪንስ አንዲት መስመር ከመጻፉ በፊት ወደ ሚልዋኪ ከተማ ሄዶ ፋብሪካውን ጎበኘ። ቢራው እንዳይበከል በመስታወት በታጠሩና የተጣራ አየር በሚገባባቸው ክፍሎች ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተመለከተ። ቢራው የሚያልፍበትን የእንጨት ብስባሽ ማጣሪያ አየ። ቧንቧዎችና መግፊያዎች በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚጸዱ፣ ጠርሙሶች አራት ጊዜ እንደሚታጠቡ ተነገረው። ፋብሪካው በሐይቅ ዳር ቢኾንም ውኃውን የሚቀዳው አራት ሺህ ጫማ፣ ማለትም 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ነበር። እርሾውም ከ1 ሺህ 200 ሙከራዎች በኋላ ከተገኘ አንድ እናት ሕዋስ የመጣ ነበር።

ሆፕኪንስ ይህን ሁሉ ለሕዝብ ያልነገሩት ለምን እንደኾነ ሲጠይቅ ባለቤቶቹ ሌላውም ጠማቂ እንዲሁ ስለሚያደርግ ልዩ ነገር አለመኾኑን አስረዱት። እርሱ ግን ለጠማቂው ተራ የኾነው ለጠጪው አዲስ መኾኑን ተገነዘበ። ንጹሕ የሚለውን ባዶ ቃል ትቶ ንጽሕናው እንዴት እንደሚገኝ አንድ በአንድ ጻፈ። በእርሱ አነጋገር ሽሊትዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአምስተኛ ደረጃ ተነሥቶ ከአንደኛው ጋር እኩል ደረሰ። ቢራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ ቢራው የተነገረው ነገር ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ በዚህ ብቻ ቢያበቃ መልካም በኾነ ነበር። ነገር ግን ሆፕኪንስ በዊስኮንሲን ግዛት ራሲን ከተማ ሳለ ዶክተር ሹፕ በሚባል ስም የሚሸጡ መድኃኒቶችን ያስተዋውቅ ነበር። ቆይቶም ሊኮዞን የተባለ ጀርም ገዳይ ነው የሚባል ፈሳሽ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ባለድርሻና የማስታወቂያው መሪ ኾነ። ፈሳሹ ካንሰርንና የሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ ብዙ ሕመሞችን እንደሚፈውስ ተነገረለት። ለመሞከሪያ ነጻ ጠርሙስ የሚያስገኝ ኩፖንም በየጋዜጣው ታተመ። የብር ማወልወያውን በጓዳ ያሸጠው ጥበብ አሁን ሕሙማንን ለመሳብ ዋለ።

በ1905 ሳሙኤል አዳምስ የተባለ ጋዜጠኛ ኮሊየርስ በተሰኘው መጽሔት ላይ ስለ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ተከታታይ ምርመራ አሳተመ። ሊኮዞን ሲመረመር ጥቂት አሲድ የተቀላቀለበት ውኃ ኾኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት በ1906 የአሜሪካ ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግን አወጣ። በሊኮዞን ማስታወቂያ አምነው ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ የቆዩ ሕሙማንን ግን ሕጉ ሊክሳቸው አልቻለም። ሆፕኪንስም በኋለኛው ዘመኑ ከመድኃኒት ማስታወቂያ መራቅ እንደሚሻል አምኗል።

በ1907 በቺካጎ የሎርድ ኤንድ ቶማስ የማስታወቂያ ድርጅት መሪ አልበርት ላስከር ቀጠረው። ደመወዙ ከፍ እያለ ሄዶ በዓመት 185 ሺህ ዶላር ደረሰ፤ ይህም ለዚያ ዘመን እጅግ የሚያስደንቅ ገንዘብ ነበር። እዚያም የመጠየቅ ልማዱን አልተወም።

ቫን ካምፕ የተባለው ኩባንያ በቆርቆሮ የታሸገ የተቀቀለ ቦሎቄ ይሸጥ ነበር። ሆፕኪንስ ጠያቂዎችን በየቤቱ ልኮ ከመቶ 94 የሚኾኑት የቤት እመቤቶች ቦሎቄውን ራሳቸው እንደሚያበስሉ አወቀ። የቆርቆሮ ቦሎቄ ሻጮች ሁሉ ሲሻሙ የኖሩት በቀሩት ስድስት እጅ ላይ ነበር። እርሱም ከሌሎች ሻጮች ጋር መፎካከሩን ትቶ በቤት ውስጥ ቦሎቄ ማብሰል የሚጠይቀውን ረዥም ሰዓትና ድካም ጻፈ።

የኩዌከር ኦትስ ኩባንያም እንደ ፈንዲሻ የተነፋ ሩዝና ስንዴ ያመርት ነበር። አሠራሩን ያገኘው የዕፀዋት ተመራማሪው አሌክሳንደር አንደርሰን ነው። እህሉ መድፍ በሚመስል ብረት ውስጥ ታሽጎ በኃይል ይሞቃል፤ ክዳኑ ድንገት ሲከፈት በፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፍሬውን ይነፋዋል። ሆፕኪንስ አሠራሩን መርምሮ ከመድፍ የተተኮሰ እህል እንደኾነ አድርጎ ስለ ተመራማሪውና ስለ ሥራው ተረከ። ተራ ስንዴ ታሪክ ያለው ምግብ ኾኖ ገበያ ወጣ።

ፔፕሶደንት የተባለውን የጥርስ ሳሙና ሲይዝም አሰልቺ የኾኑ የጥርስ ሕክምና መጻሕፍትን አገላብጦ በጥርስ ላይ ስለሚጋገር ስስ ሽፋን የሚናገር ክፍል አገኘ። ማንኛውም ሰው በምላሱ ዳስሶ ሊያውቀው የሚችል ነገር ስለነበር ማስታወቂያው እጅግ ተሳካ፤ ጸሐፊውንም ባለጸጋ አደረገው። ኾኖም ሽፋኑ ተፈጥሯዊ ነው፤ በየትኛውም ሳሙና ቢቦረሽ ተመልሶ ይመጣል። እውነተኛ መረጃ ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ምን እንደሚኾን ይህም ያሳያል።

ሆፕኪንስ የጻፈው ሁሉ መሥራት አለመሥራቱን በግምት አይወስንም ነበር። በተለያዩ ማስታወቂያዎች ላይ የተለያየ ምልክት ያላቸው ኩፖኖችን እያሳተመ የትኛው ብዙ ገዢ እንዳመጣ ይቆጥራል። በትንሽ ከተማ ሞክሮ ሳያረጋግጥ ለአገር በሙሉ አያሰራጭም፤ አርሶ አደር አዲስ ዘርን በጥቂት መደብ ላይ ሞክሮ ወደ ሰፊው ማሳ እንደሚወስደው ማለት ነው። ይህን ሁሉ በ1923 ሳይንሳዊ ማስታወቂያ በተሰኘው መጽሐፉ አብራራ፤ በ1927 ደግሞ የሙያ ሕይወቱን ጽፎ አሳተመ። በ1932 በ66 ዓመቱ አረፈ።

የሆፕኪንስ ልማድ ዛሬ ለማሽን ትእዛዝ ለሚጽፍ ሰው ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ማሽኑ ከብዙ ጽሑፍ የተማረ ነው፤ ምንም ካልተነገረው ብዙ ሰው የሚለውን ይደግማል። የሚልዋኪ ጠማቂዎች ሁሉ ንጹሕ ይሉ እንደነበር ሁሉ ማሽኑም ምርጥ ይላል። ማሽኑ ፋብሪካ አይጎበኝም፤ ጓዳ አይገባም። ማየትና መጠየቅ የሻጩ ድርሻ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንዲሉ፣ ለማሽኑ ከመጻፍ በፊት ራስንና ገዢን መጠየቅ ይቀድማል።

ለምሳሌ ማር የሚሸጥ ሰው ለማሬ ጥሩ ማስታወቂያ ጻፍልኝ ብሎ ቢያዝዝ የሚያገኘው ባዶ ውዳሴ ነው። ማሩ ከየትኛው አካባቢና ከምን አበባ እንደተገኘ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ እንዴት እንደተጣራ፣ በስንት ኪሎ እንደታሸገ፣ ዋጋው ስንት እንደኾነና የት እንደሚገኝ ቢጽፍለት ግን ማሽኑ የሚሠራበት ነገር ያገኛል። ገዢው ማን እንደኾነም መንገር ይገባል፤ ለጠጅ የሚፈልግ ነጋዴና ለልጆቿ የምትገዛ እናት አንድ ዓይነት ጽሑፍ አይሹም። ገዢው የሚጠራጠረው ምን እንደኾነ፣ ስኳር ተቀላቅሎበት ይኾን ብሎ የሚሰጋ ከኾነም፣ ለዚያ የሚሰጠውን ማስረጃ ጨምሮ ማስፈር ያስፈልጋል። የጽሑፉን ርዝመት፣ የሚለጠፍበትን ቦታና ሊቀሩ የሚገባቸውን የውዳሴ ቃላትም መወሰን ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አስጽፎ የትኛው ብዙ ደዋይ እንዳመጣ መቁጠር ደግሞ የሆፕኪንስን ኩፖን የሚተካ ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ የሊኮዞን ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም። ማሽኑ ያልተነገረውን ነገር እውነት አስመስሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ማሩ በሽታ ይፈውሳል፣ ምርቱ የጥራት ማረጋገጫ አለው ብሎም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በትእዛዙ ውስጥ ከተሰጠው መረጃ ውጭ ምንም እንዳይጨምር መከልከል፣ ጽሑፉ ሲመጣም ቃል በቃል ማንበብና ያልተረጋገጠውን መሠረዝ ግዴታ ነው። በሀገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ተጠያቂው ያስነገረው ሰው እንጂ የጻፈው ማሽን አይደለም።

በገጠር ገበያ ሻጭና ገዢ በስም ይተዋወቃሉ። አንድ ጊዜ የታለለ ገዢ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ የጠፋ ስምም በቀጣዩ የመኸር ምርት አይመለስም። ሆፕኪንስ በማወልወያው፣ በመጥረጊያውና በቢራው የተሳካለት ያየውን ስለጻፈ ነው። የወደቀውም ያላየውን ፈውስ በጻፈ ጊዜ ነው። ለማሽን ትእዛዝ የሚጽፍ ሰውም የሚያጭደው የዘራውን ነው፤ እውነተኛና ዝርዝር መረጃ ከዘራ እምነት የሚጣልበት ጽሑፍ ያገኛል።