ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን

ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን እ.ኤ.አ. በ1870 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ በሳንድባች ከተማ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ የጭነት መኪናዎችን በማምረት የታወቀ ባለፋብሪካ ነበር። ልጁም በዚሁ ሙያ አድጎ በኩባንያው ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ይሁን እንጂ የከሰልና የእንፋሎት ዘመን አልፎ የናፍጣ ሞተር እንደሚተካው ተገነዘበ። በዚህም ጉዳይ ከኩባንያው አመራር ጋር ስላልተስማማ ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ የአባቱን ፋብሪካ ለቆ ወጣ።

በ1933 ዓ.ም. ከልጁ ከዴኒስ ጋር ሆኖ በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ኢ.አር.ኤፍ. የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው መኪና የጋርድነር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን የሻንሲ ቁጥሩም በመሥራቹ ዕድሜ ልክ 63 ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የአባቱ ፋብሪካ ራሱ እንፋሎትን ትቶ ወደ ናፍጣ ዞረ። ፎደን በ1950 ዓ.ም. የሞተው ያመነበት ነገር እውን ሆኖ ካየ በኋላ ነው።