ሁለት ተቀናቃኝ ክለቦች በእኩል የሚዘክሩት ክላይቭ ሱሊቫን

በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የሃል የወደብ ከተማ ስሟን ባገኘችበት ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ናት። ከወንዙ በስተምዕራብ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው የሃል ኤፍ ሲ፣ በስተምሥራቅ የሚኖረው ደግሞ የሃል ኪንግስተን ሮቨርስ ደጋፊ ነው። ሁለቱ የራግቢ ሊግ ክለቦች ከመቶ ዓመት በላይ በተፎካካሪነት የዘለቁ ቢሆኑም ከቀድሞ ታላላቅ ተጫዋቾቻቸው መካከል አንዱን በጋራ ይዘክራሉ። ይኸውም ክላይቭ ሱሊቫን ነው።

ራግቢ ሊግ በእያንዳንዱ ቡድን 13 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ከነባሩ ራግቢ የተለየው እ.ኤ.አ በ1895 ሲሆን፣ ለመለያየቱ ምክንያት የሆነው የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ለሠራተኛ ተጫዋቾቻቸው በጨዋታ ቀን ለሚቀርባቸው ደመወዝ ማካካሻ እንዲከፈል መጠየቃቸው ነበር። ኳሱን ይዞ ከተጋጣሚ ቡድን የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት "ትራይ" የሚባል ሲሆን ዋነኛው የነጥብ ማግኛ መንገድ ነው።

ሱሊቫን እ.ኤ.አ በ1943 በዌልስ ካርዲፍ ከተማ፣ ስፕሎት በተባለው የሠራተኞች መኖሪያ ሰፈር ተወለደ። በልጅነቱ በእግሮቹና በትከሻዎቹ ላይ ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሲሆን፣ እንደ ልብ መራመድ መቻሉ እንኳ አጠራጣሪ ነበር። ይሁንና ሕመሙን አሸንፎ በጦር ሠራዊት ውስጥ ለማገልገል በቃ፤ በሩጫ ፍጥነቱም ታወቀ።

እ.ኤ.አ በ1961 ለሃል ኤፍ ሲ ለሙከራ በተሰለፈበት ጨዋታ ማንነቱ ለሕዝብ አልተገለጸም ነበር። በዚያን ዘመን በነባሩ ራግቢ የሚጫወት ሰው በራግቢ ሊግ መሰለፉ ከታወቀ ከጨዋታው ይታገድ ስለነበር ነው። ሱሊቫን በዚሁ ጨዋታ ሦስት ትራይ በማስቆጠሩ ክለቡ ወዲያውኑ አስፈረመው። እ.ኤ.አ በ1963 ከባድ የመኪና አደጋ ቢደርስበትም ከወራት በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ በ1972 የታላቋ ብሪታንያ ቡድን አምበል ሆኖ ሲመረጥ፣ በየትኛውም የስፖርት ዓይነት የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ ለመሆን በቅቷል። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ሊዮን ላይ ከአውስትራሊያ ጋር 10 ለ 10 ተለያየ። ሱሊቫን በራሱ ቡድን ክልል የያዘውን ኳስ ረጅም ርቀት ሮጦ ያስቆጠረው ትራይ ቡድኑን ከሽንፈት ከታደጉት ነጥቦች መካከል ነበር። ብሪታንያ በማጣሪያው ባስመዘገበችው የተሻለ ውጤት ዋንጫው ተሰጣት። ከዚያ ወዲህ እስከ 2022 በተካሄዱት ውድድሮች ብሪታንያም ሆነች እንግሊዝ ዋንጫውን ዳግም አላገኙም።

ሱሊቫን እ.ኤ.አ በ1974 የብሪታንያ ኢምፓየር አባልነት ኒሻን የተሸለመ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ወንዙን ተሻግሮ የሮቨርስ ተጫዋች ሆነ። ለሃል ኤፍ ሲ 250፣ ለሮቨርስ ደግሞ 118 ትራይ አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ በ1980 ሁለቱ ክለቦች በዌምብሌይ ለቻሌንጅ ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ ከሮቨርስ ጋር ተሰልፎ 10 ለ 5 አሸነፈ። በኋላም ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመልሶ እ.ኤ.አ በ1982 በ39 ዓመቱ በድጋሚ በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ዊድነስን ረትቶ ዋንጫውን ካነሳው ቡድን ጋር ተሰልፏል።

ሱሊቫን እ.ኤ.አ በ1985 በካንሰር ሕመም በ42 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ከሃምበር ድልድይ አቅጣጫ ወደ ሃል የሚያስገባው አውራ ጎዳና በስሙ ተሰይሟል። ሁለቱ ክለቦችም እርስ በርስ በሚያደርጉት ጨዋታ ለመታሰቢያው የተዘጋጀውን ዋንጫ ይፎካከሩበታል። የትውልድ ከተማው ካርዲፍ በበኩሏ እ.ኤ.አ በ2023 የእርሱን፣ የቢሊ ቦስተንንና የገስ ሪስማንን ሐውልት በአንድነት አቁማለች። ከምዕራብ በኩል ወደ ሃል የሚገባ መንገደኛ፣ የየትኛውም ክለብ ደጋፊ ቢሆን፣ ከተማዋ የሚደርሰው የሱሊቫንን ስም በያዘው ጎዳና ላይ ተጉዞ ነው።