ዊልያም ኩሊጅና የቱንግስተን ሽቦ

ዊልያም ዴቪድ ኩሊጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሃድሰን ከተማ ተወለዱ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጥንተው በ1896 ተመረቁ፤ በ1899 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በ1905 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ባልደረባ ሲሆኑ የተሰጣቸው ተግባር ብዙዎችን ያደከመ ነበር፤ ይኸውም የማይሰበር የቱንግስተን አምፖል ክር ማግኘት ነው።

ቱንግስተን የሚቀልጠው በ3400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ አቅልጦ ቅርጽ ማስያዝ አልተቻለም። ስለዚህ ሥራው ከዱቄት ተጀመረ። ዱቄቱ ተጨምቆ ዘንግ ይሆናል፤ ዘንጉም በሃይድሮጂን ውስጥ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ተላልፎበት ሳይቀልጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ግን በቀላሉ ይሰበር ነበር። ኩሊጅ ዘንጉን አግለው ቀጠቀጡት፤ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱም በአልማዝ ቀዳዳ ሳቡት። ብዙዎቹ ብረቶች ያለ ሙቀት ሲቀጠቀጡ ይደርቃሉ፤ ቱንግስተን ግን በዚህ አሠራር ክሪስታሎቹ እንደ ቃጫ ረዝመው፣ ከቀዘቀዘ በኋላም የሚታጠፍ ሽቦ ሆነ። አዲሱ አምፖል በ1911 ለገበያ ቀረበ።

ሆኖም ክሩ በ2500 ዲግሪ ገደማ ሲበራ ቃጫው ይፈርሳል። አዳዲስ ክሪስታሎች ተፈጥረው ያድጋሉ፤ አንዳንዱም የሽቦውን ውፍረት እስከ መሙላት ይደርሳል። ወሰናቸው ሽቦውን በአግድም ስለሚያቋርጠው በገዛ ክብደቱ አንዱ በሌላው ላይ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ክሩም ረግቦ በመጨረሻ ይበጠሳል። ኩሊጅ ቶሪያ በመጨመር የክሪስታሎቹን እድገት ገቱ። በ1917 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ባልደረባ አላዳር ፓትስ የፖታስየም ሲሊኬት ያለበት ቅይጥ በዱቄቱ ላይ ጨምረው የማይረግብ ሽቦ ሠሩ። ምክንያቱ የተገለጠው ግን ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው፤ በሽቦው ርዝመት የተሰለፉ ጥቃቅን የፖታስየም አረፋዎች ወሰኖቹን ስለሚይዟቸው ክሪስታሎቹ ረዥምና የተጠላለፉ ይሆናሉ፤ መንሸራተቻም ያጣሉ።

ኩሊጅ በ1913 የዘመናዊውን የራጅ ቱቦ ሠሩ። የሽቦው የፈጠራ መብት በ1928 በፍርድ ቤት ቢሻርም ሥራቸው አልቆመም፤ ከ1932 እስከ 1944 የምርምር ክፍሉን መሩ። በ1975 በ101 ዓመታቸው አረፉ። ከዱቄት ለሚሠራ፣ በብርቱ ሙቀት ጭነት ለሚሸከም ብረት ሁሉ ሕይወታቸው የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መታጠፉ ብቻ አይበቃም፤ የክሪስታሎቹ ወሰን ለረዥም ሰዓት ሲግል እንዴት እንደሚውል አስቀድሞ መመርመር አለበት።