ዶ/ር ማርሻል ዩሪስት፦ አጥንት የሚያበቅለውን ፕሮቲን ያገኙት ሐኪም

ከአጋሮም ሆነ ከሊሙ ገነት ጥርሱ ተነቃንቆበት ወደ ጅማ የሚመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ካልሲየም እንዲታዘዝለት ነው። ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንት በድድ በሽታ ከተበላ ግን ካልሲየም መዋጥ አይመልሰውም። አጥንት እንዲበቅል የሚያዘው ካልሲየም አለመሆኑን በግልጽ ያሳዩት ዶ/ር ማርሻል ዩሪስት ናቸው። የጥርስ ሐኪም አልነበሩም፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ።

ዩሪስት እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ተወለዱ። በ1941 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በጦር ሐኪምነት አገለገሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ስማቸውን ያስጠራው ሙከራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አጥንት ወስደው በአሲድ ውስጥ በመዘፍዘፍ ካልሲየሙንና ሌላውን ማዕድን አወጡ። የቀረውን ለስላሳ ነገር በጥንቸሎችና በአይጦች ጡንቻ ውስጥ ቀበሩት። ጡንቻ አጥንት የሚበቅልበት ቦታ አይደለም። ከሳምንታት በኋላ ግን በዚያው ጡንቻ ውስጥ አዲስ አጥንት ተገኘ፤ የሠሩትም የእንስሳው የራሱ ሴሎች ነበሩ። ማዕድኑ ወጥቶ ትእዛዙ ግን ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ይህን በ1965 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በ1971 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ለዚህ ትእዛዝ ሰጪ ነገር ቦን ሞርፎጄኔቲክ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ቢኤምፒ፣ የሚል ስም ሰጡት። ጽሑፉ የወጣው በጥርስ ምርምር መጽሔት ላይ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ቀጣዩ ሥራ ግን ዓመታት ፈጀ። ፕሮቲኑ በአጥንት ውስጥ ያለው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ አንጥሮ ማውጣት አስቸጋሪ ነበር። በ1988 ሌላ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ዘረ መሉን ለይቶ አወጣና ፕሮቲኑን በላቦራቶሪ ማምረት ተቻለ። ዩሪስት በ2001 አረፉ። በዓመቱ፣ በ2002፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቢኤምፒ-2 ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና እንዲውል ፈቀደ። በ2007 ደግሞ ጥርስ የተነቀለበትን የመንጋጋ አጥንት ለመሙላት ተፈቀደ።

ፕሮቲኑ ብቻውን ቢረጭ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ከኮላጅን በተሠራ ስፖንጅ ተነክሮ ይቀመጣል፤ ስፖንጁ ፕሮቲኑን ይይዛል፣ አዲስ ሴሎችም ይሰፍሩበታል። ገና ባልተነቀለ ጥርስ ዙሪያ ግን ቢኤምፒ ጥንቃቄ ይሻል፤ በእንስሳት ሙከራ የጥርሱን ሥር ከአጥንቱ ጋር ሲያጣብቅ ታይቷል። ለዚህ ቦታ በ2005 የተፈቀደው ሌላ የዕድገት ፕሮቲን ሲሆን፣ የሚቀመጠው ከካልሲየም ፎስፌት በተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች ላይ ነው። እዚህ ካልሲየሙ የሚያገለግለው እንደ መደገፊያ ብቻ ነው።

ሕክምናው ለሁሉም አይሠራም። አጥንቱ በጥርሱ አንድ ጎን እንደ ጠባብ ጉድጓድ ወደ ታች ተበልቶ ዙሪያው ግድግዳ ከቀረው መልሶ የመሙላት ተስፋ አለው። በሁሉም ጥርሶች ዙሪያ እኩል ዝቅ ካለ ግን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ውጤቱ ደካማ ነው። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰውም ብዙ አይጠቀምም። ከሁሉ በፊት ደግሞ በጥርሱ ሥር ላይ የጠነከረው ቆሻሻ መጸዳት አለበት፤ ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ የትኛውም ፕሮቲን አጥንት አያበቅልም።

ጽዳቱ ውድ ፕሮቲን አይፈልግም። ብዙዎች ግን ድዳቸው እየደማ የቡና ለቀማው ይለፍ እያሉ ይቆያሉ፤ በሽታው ስለማያም ይዘነጋል። በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ሲያጸዱ ድድዎ ከደማ፣ ጥርሱ ሳይነቃነቅ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በዚያ ጊዜ ጉድጓዱ ግድግዳ አለው።