ራስ አሉላ አባ ነጋ፡ ከመነዌ እስከ አባ ገሪማ ገዳም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን ሀገርንና ሃይማኖትን ለያይተው አላዩም። ስለዚህም የብዙ የጦር አለቆቻችን ዐፅም ያረፈው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጽር ውስጥ ነው። በዓድዋ አቅራቢያ በሚገኘው ጥንታዊው የአባ ገሪማ ገዳም ካረፉት አንዱ ራስ አሉላ እንግዳ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ ናቸው። ሕይወታቸውን የምናስታውሰው በድላቸው ለመደሰት ብቻ ሳይሆን ከአሟሟታቸውም ለመማር ነው።

ራስ አሉላ በተንቤን፣ መነዌ በተባለች መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የመሳፍንት ዘር አልነበሩም። በቃል ሲወርድ እንደመጣው፣ ገና በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ የሠርግ እንጀራ ተሸክመው የሚያልፉ ሰዎችን አስቁመው መድረሻቸውን ጠየቁ፤ መንገደኞቹም ወደ ራስ አሉላ ቤት እንደሚሄዱ በመናገር ቀለዱባቸው። ያ ቀልድ ከዓመታት በኋላ እውነት ሆነ።

በመጀመሪያ በራስ አርአያ ድምፁ ቤት አገለገሉ። ቀጥሎም፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው በነገሡት በካሣ ምርጫ ቤት እልፍኝ አስከልካይ ሆኑ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ሀገሪቱን ሲወር በጉንደትና በጉራዕ ተዋግተው ታማኝነታቸውንና ችሎታቸውን አስመሰከሩ። በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ የራስነት ማዕርግ ሰጥተው በመረብ ምላሽ ላይ ሾሟቸው፤ ከጊዜ በኋላም መቀመጫቸውን በአስመራ አደረጉ።

በ1876 ዓ.ም. በዓድዋ በተፈረመው ውል፣ ኢትዮጵያ በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በምድሯ አልፈው በሰላም እንዲወጡ ለመርዳት ቃል ገባች። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጓትን ሰዎች ከሞት ለማትረፍ የገባችውን ይህን ቃል የመፈጸሙ ኃላፊነት በአብዛኛው የወደቀው በራስ አሉላ ላይ ነበር። በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት የዑስማን ዲግናን ጦር ድል ያደረጉት ብዙ ወታደር ገብረው ነው።

በዚህ መካከል ጣልያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዞ ወደ መሐል አገር መግፋት ጀምሮ ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ሰዓጢን አጥቅተው ምሽጉ ቢመክትባቸውም፣ በማግሥቱ ለርዳታ ይጓዝ የነበረውን 500 ያህል ወታደር የያዘ የጣልያን ጦር ዶጋሊ ላይ ገጠሙት። ከጥቂቶች በቀር የተረፈ አልነበረም።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ የራስ አሉላም ዘመን ተለወጠ። ጣልያን በዚያው ዓመት አስመራን ያዘ፤ እርሳቸውም ግዛታቸውን አጥተው ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ጋር ቆሙ። ለዐፄ ምኒልክ ሳይገብሩ አምስት ዓመታት አለፉ። በ1886 ዓ.ም. ግን ራስ መንገሻና ራስ አሉላ አዲስ አበባ ድረስ ወርደው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ታረቁ። ያ ዕርቅ ፍሬውን ያሳየው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ በዓድዋ ራስ አሉላ ከአንድ ሠራዊት ጋር በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ተሰለፉ።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የዓድዋ ድል አንድ ዓመት ሳይሞላው ራስ አሉላ ከተንቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተጣልተው ተዋጉ። ራስ ሐጎስ በውጊያው ሞቱ፤ ራስ አሉላም በደረሰባቸው ቁስል በየካቲት 1889 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጉንደት እስከ ዓድዋ የባዕድ ጦር ያልጣላቸው መሪ፣ በተወለዱባት በተንቤን ምክንያት ከወንድም ጋር በተነሣ ጠብ ሕይወታቸው አለፈ።

እኛም ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በ1886 ዓ.ም. የወረደው ዕርቅ ሀገርን ለዓድዋ አበቃ፤ በ1889 ዓ.ም. ሳይወርድ የቀረው ዕርቅ ግን ሁለት የሀገር ጠባቂዎችን በአንድ ጊዜ አሳጣን። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በፊት ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ የምታስተምረን ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደ አባ ገሪማ ገዳም የምንሳለም ምእመናን ለራስ አሉላ ብቻ ሳይሆን ለራስ ሐጎስም፣ በወንድማማች ጠብ ላለቁት ሁሉ እንጸልይ፤ የተጣላነውንም ሳናሳድር እንፈልገው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።