የፖንዛው ግዞተኛ፦ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ

ከሮምና ከኔፕልስ ጠረፍ ባሻገር ፖንዛ የምትባል አነስተኛ ደሴት አለች። ቅዱስ ሲልቬርዮስ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በ6ኛው መቶ ዓመት ከመንበራቸው ተወስደው በዚያው አካባቢ በግዞት ዐርፈዋል፤ የደሴቲቱም ጠባቂ ቅዱስ ናቸው። ከ14 መቶ ዓመታት በኋላ በዚሁ ባሕር አንድ ኢትዮጵያዊ ተጋዘ፤ እርሳቸውም ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወልደው ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኰንን ጋር አደጉ። በሐረር ካስተማሯቸው መካከል አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ይገኙበታል፤ እርሳቸውም የካፑቺን ማኅበር አባል ከሆኑት ከአቡነ እንድርያስ ዣሩሶ ሚሲዮን ትምህርት የቀሰሙ ነበሩ።

ጣልያን አገራችንን በ1928 ዓ.ም. ሲወር ራስ እምሩ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ጦራቸውን መርተው ተከዜን ተሻገሩ፤ በሽሬ ግንባርም ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ ሆነው ወደ ጎሬ ሄዱ። በዚያም ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች የሚገኙበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር መሪው አደረጋቸው። ነገር ግን በጠላት ኃይል ተከበው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወሰዱ። ከየካቲት 12 በኋላ ግን እጃቸውን ከሰጡት ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በግፍ ተረሸኑ። መሪው በባዕድ ደሴት በሕይወት ቀሩ፤ ተከታዮቻቸው በአገራቸው ምድር ወደቁ። ከግዞቱም ሁሉ ይህ ሳይከብድ አይቀርም።

የእግዚአብሔር ፍርድ ግን የሰውን ስሌት አይከተልም። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር ወደ ፖንዛ ተወሰደ፤ የተቀመጠውም ራስ እምሩ ቀደም ሲል ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። አሳሪው በእስረኛው ቤት ታሰረ። ኢጣልያ ከተሸነፈች በኋላ ራስ እምሩ ነጻ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከግዞት የተመለሰ ሰው ልቡን በቂም ሊዘጋ፣ ያጣውንም ሁሉ ለራሱ ሊያካብት ይችላል። ራስ እምሩ በአሜሪካና በህንድ አምባሳደር ሆነው አገራቸውን አገለገሉ። ርስታቸውንም ለጭሰኞች አካፈሉ፤ ስለዚህም ቀይ ራስ ተባሉ። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ እስረኛን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው ብለን ልጆቻችንን እናስተምራለን። ከዚህ ሕይወት ደግሞ ሌላውን ገጽ እንማር፦ ግዞት የሰውን አካል ይዞ ሊያቆይ ይችላል፤ እጁ ለድኃ እንዳይዘረጋ የሚያስረው ግን የራሱ ልብ ብቻ ነው።